ዘካ፣ ወቅፍና ቀርድ ሐሰን በአንድ ካዝና ይሆናሉ? ለጅማው ነጋዴ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ጅማ ሂርማታ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ። አባታችን ወደ አኺራ ከሄዱ ቆይተዋል። መንገድ ዳር አራት ሱቅ፣ ማና በኩል ደግሞ የቡና ማሳ ትተውልናል። እናታችን አሉ። እኛ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ልጆች ነን። ሱቆቹን በአባታችን ስም ወቅፍ አድርገን ኪራዩ ለተማሪዎችና ለመስጊድ እንዲውል አስበናል። ጅዳ ያለው ወንድሜ ግን አልተስማማም። ዘካም እስከ ዛሬ በረመዳን በር ላይ ለሚሰበሰበው ሰው እያደልን ነው የኖርነው። አሁን በሥርዓት እናውጣ ብለናል። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ወለድ የሌለው የብድር ፈንድ እናቋቁም እያሉ ነው። ሁሉንም በአንድ ኮሚቴና በአንድ ካዝና ብናደርገውስ? አንድ ነገር ልጨምር፤ እህታችን ባሏ ሞቶባት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ከዘካው ለእሷ መስጠት ይቻላል?»

ወዐለይኩሙ ሰላም ወንድሜ።

መጀመሪያ ማንነቴን ልናገር። እኔ ሃይማኖታዊ ብያኔ የምሰጥ ሙፍቲ አይደለሁም። ሥራዬ ሒሳብና ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ነው። ዑለሞች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) የተለያዩበትን ነገር «ተለያይተዋል» ብዬ አልፋለሁ። ምርጫውን ከምታምኑት ኡስታዝ ጋር ተቀመጡበት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። አንድ ኮሚቴ ይሆናል። አንድ ካዝና ግን አይሆንም። ቢያንስ ሦስት የባንክ ሒሳብና ሦስት መዝገብ ያስፈልጋችኋል። ምክንያቱ የቢሮክራሲ ፍቅር አይደለም። የሦስቱ ገንዘብ ባለቤት የተለያየ ነው።

ዘካ ግዴታ የሆነ ምጽዋት ነው፤ ከእጃችሁ ሲወጣ ባለቤት አለው። ሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ላይ ስምንት ተቀባዮች ተዘርዝረዋል። ድሆች፣ ምስኪኖች፣ የዘካ ሠራተኞች፣ ልባቸው ወደ እስልምና የሚለማመድ፣ ባሪያ ነፃ ለማውጣት፣ ባለዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ ላይ ያሉና መንገደኛ። ከነዚህ ውጪ ያለ ሰው ምንም ያህል ደግ ሥራ ቢሠራ የዘካ ብር አይነካም። ወቅፍ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ዋናው ቆሞ ይቀራል፣ የሚሰጠው ፍሬው ብቻ ነው። ቀርድ ሐሰን ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ሄዶ ይመለሳል። አሁን እነዚህን አንድ ቋት ውስጥ ጨምራቸው። ለድሃ መድረስ የነበረበት የዘካ ብር የሱቅ ጣሪያ ማደሻ ይሆናል። የወቅፉ ኪራይ ተበድሮ ይጠፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም የማንን ብር እንደሚቆጥር አያውቅም። ጠቡ የሚመጣው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሌባ ኖሮ አይደለም፣ መዝገብ ጠፍቶ ነው።

ከሱቆቹ እንጀምር። ከባዱ እሱ ነው።

አባታችሁ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በሕይወት እያሉ ወቅፍ አላደረጉም። ኑዛዜ መተዋቸውንም አልጻፍክልኝም። ስለዚህ ሱቆቹ ዛሬ የአባታችሁ አይደሉም። የወራሾች ናቸው። ሰው ወቅፍ የሚያደርገው የራሱን ነው። የወንድምህን ድርሻ አንተ፣ እናታችሁና እህታችሁ ተሰብስባችሁ በድምፅ ብልጫ ወቅፍ ልታደርጉት አትችሉም። ይህ የወቅፍ ጉዳይ እንጂ የእድር ስብሰባ አይደለም።

ድርሻው በሸሪዓ ሲሰላ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት የአባታችሁ ዕዳ ይከፈላል። የእናታችሁ የግል ንብረት ካለበት ይለያል። ከቀሪው ለእናታችሁ አንድ ስምንተኛ። የተረፈው ለልጆች፣ ለወንድ የሴት እጥፍ። ንብረቱን 40 ቦታ ብትከፍሉት እናታችሁ 5፣ አንተና ወንድምህ 14 14፣ እህታችሁ 7 ይደርሳችኋል። የሌሎች ወራሾችን ነገር፣ ለምሳሌ አያት አለ ወይ የሚለውን፣ አልነገርከኝም። ካለ ስሌቱ ይቀየራል።

ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ከሄደ ግን ሌላ ስሌት ይጠብቃችኋል። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት ግማሹ የእናታችሁ ነው። የአባታችሁ ግማሽ ለልጆች ወንድ ሴት ሳይል እኩል ይከፋፈላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኛችሁ ሁላችሁም ፈቅዳችሁ ስትቀርቡ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ይህንኑ ነው የሚለው። ስለዚህ የጅዳው ወንድምህ ዝም ብሎ የሚታለፍ ሰው አይደለም። ሳይፈቅድ የተሠራው ሁሉ ነገ ይፈርሳል።

ምን ታደርጋላችሁ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ድርሻውን በገበያ ዋጋ መግዛት ነው። ሁለተኛው የእሱን 14 እጅ ትታችሁ የእናንተን ብቻ ወቅፍ ማድረግ ነው። ያልተከፋፈለ የጋራ ንብረት ላይ ያለን ድርሻ ወቅፍ ማድረግ አብዛኞቹ ዑለሞች ይፈቅዱታል። እኔን ብትጠይቀኝ ግን መጀመሪያ ሱቆቹን ተከፋፈሉ እላለሁ። አራት ሱቅ ስላላችሁ የእሱን ድርሻ በአንዱ ሱቅና በተወሰነ ብር መለየት ይቻላል። ወቅፍ ከማይፈልግ ሰው ጋር በአንድ ካርታ መኖር ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጣጣ ነው።

ስለ እህታችሁ አንድ ነገር ልበል፣ ባትጠይቀኝም። የአባት ወቅፍ ሲባል እምቢ ማለት ያሳፍራል። በተለይ ሴት ልጅ በወንድሞቿ ፊት። ልጆች ብቻዋን እያሳደገች ድርሻዋን «ለአባቴ ነፍስ» ብላ እንድትተው አታድርጓት። ተወት አድርጓት። ከፈለገች በኋላ ትጨምራለች።

ሌላ አማራጭም አለ። የቤተሰብ ወቅፍ ይባላል። ኪራዩ መጀመሪያ ከዘራችሁ ውስጥ ለሚቸገር ይደርሳል፣ የሚቸገር ከሌለ ለተማሪዎችና ለመስጊድ ይሄዳል። የእህታችሁን ልጆች ትምህርት በዚህ መሸፈን ትችላላችሁ። ማንንም ሳታስለምኑ።

ለሞተ አባት ወቅፍ ይደርሳል ወይ ለሚለው፣ ዑለሞች የሚያነሱት የነቢዩን ባልደረባ የሰዕድ ኢብን ዑባዳን ታሪክ ነው። እናቱ እሱ በሌለበት ሞተች። ነቢዩን ﷺ ጠይቆ የአትክልት ቦታውን በስሟ ሰደቃ (በፈቃድ የሚሰጥ ምጽዋት) አደረገው። የወቅፍ መሠረት ደግሞ የሌላው ባልደረባ የዑመር የኸይበር መሬት ነው። ነቢዩ «ከፈለግክ ዋናውን ያዝ፣ ፍሬውን ሰደቃ አድርግ» አሉት። ዑመርም እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ብሎ አሰረው። በሰነዱ ላይ አስተዳዳሪው በልኩ እንዲበላ ፈቀደ። ከራሱ በኋላም ልጁ ሐፍሷ እንድታስተዳድረው አደረገ። ናዚሩ፣ ማለትም የወቅፉ አስተዳዳሪ፣ የግድ ወንድ ነው ለሚሉ የሰፈር ሽማግሌዎች ይቺን ንገርልኝ። እህታችሁ ደብተር መያዝ የምትችል ከሆነች ለናዚርነት ከሁላችሁም ሳትሻል አትቀርም።

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ እናንተ ወቅፍ የምታደርጉት መሬቱን አይደለም። ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ይዞታው ሊዝ ከሆነ ዘመኑ የተወሰነ ነው። ነባር ይዞታ ከሆነም መንገድ ሊመጣበት ይችላል፣ የኮሪደር ልማት ሊነካው ይችላል። የማስለቀቅ ሕጉ፣ አዋጅ 1161/2011፣ መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ካሳ ይከፍላል። ታዲያ ካሳው ሲመጣ ማን ይቀበለዋል? ሰነዱ ዝም ካለ ወራሾች «ይኸው ብራችን» ብለው ይከፋፈሉታል። እናም ይህችን ዐረፍተ ነገር ከሰነዱ አታስቀሩ፤ ንብረቱ ቢፈርስ ወይም ቢወሰድ በካሳው ወይም በምትክ ቦታው ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ንብረት ይተካል፣ እሱም በዚሁ ቃል ወቅፍ ይሆናል። ወቅፍን በሌላ መለወጥ ላይ መዝሀቦች (አራቱ የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤቶች) ይለያያሉ። ሐነፊና ሐንበሊ በሩን ከፈት ያደርጋሉ፣ ማሊኪና ሻፊዒይ ያጠብቃሉ። ተገዶ ለፈረሰ ቤት የመጣ ካሳ ግን የወቅፉ ምትክ እንጂ የወራሽ ገንዘብ አለመሆኑን ማስረዳት አይከብዳችሁም።

ይህን ያህል ስለ ወረቀት የምለፈልፈው በከንቱ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ የመስጊድ ኪራይ ቤቶችም አብረው ሄደዋል። ዛሬም በየከተማው «ያ ቤት እኮ ወቅፍ ነበር» የሚሉ አዛውንቶች አሉ። ሰነድ ስጡን ሲባሉ የላቸውም። አባ ጅፋር ለሀጃጆች ማረፊያ በመካ ቤት አስገዝተው ነበር ሲባልም ጅማ ላይ ያልሰማ የለም። ወሬው ከትውልድ ትውልድ አለፈ። ቤቱን የሚያኖረው ግን ወሬ ሳይሆን ሰነድ ነው።

የት ትመዘግባላችሁ? የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። ስለዚህ ንብረቱን በመጅሊሱ ስር አድርጎ ናዚሮችን በሰነድ መሾም አንድ መንገድ ነው። ሌላው የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጅ 1113/2011 የሚያውቀው የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት ነው። ከወቅፍ ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ዋናው ተይዞ ፍሬው ለሕዝብ ጥቅም ይውላል። ሦስተኛ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ወቅፍን የማየት ሥልጣን አላቸው። የፌዴራሉ አዋጅ 188/1992 ወቅፍን፣ ሂባን (ስጦታን) እና ኑዛዜን በስም ጠቅሶ ያስቀምጣል። ኦሮሚያ ያሉት በክልሉ ሕግ ስለሚመሩ ጅማ ላይ ያለውን ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ብሆን ሰነዱን እዚያ አስመዝግቤ ካርታውን ደግሞ በማዘጋጃ ቤት አስተካክላለሁ። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

ከሰነዱ ሌላ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የኪራዩን ክፍፍል በብር ሳይሆን በመቶኛ ጻፉ። «ለመስጊድ በወር 2,000 ብር» ብላችሁ ብትጽፉ ከአሥር ዓመት በኋላ የሻይ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከኪራዩ መጀመሪያ የሚነሳው የእድሳት ነው። ይህን ሁሉም መዝሀብ ያስቀድማል። ቆርቆሮው እየፈሰሰ ለተማሪ ደብተር መግዛት ወቅፉን መብላት ነው።

የማናውን ማሳ ግን ወቅፍ ውስጥ አታስገቡት። የገጠር መሬት የመጠቀም መብት እንዲህ በቀላሉ አይተላለፍም። ከፈለጋችሁ በየዓመቱ ከፍሬው የተወሰነ እጅ ሰደቃ ለማድረግ ተስማሙ፣ ይበቃል።

አሁን ዘካ። እዚህ ያንተ ንግድ ስለሆነ ቁጥር እንጠቀም።

የንግድ ዘካ የሚሰላው በትርፍ ላይ አይደለም። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጨረቃ ዓመት ሲሞላ ያለህን ለንግድ የያዝከውን ዕቃ፣ በእጅና በባንክ ያለ ብርህን፣ ተስፋ ያለውን ዱቤህን ትደምራለህ። የደረሰብህን ዕዳ ትቀንሳለህ። ከቀሪው 2.5 በመቶ ታወጣለህ። መጋዘኑ፣ አይሱዙው፣ መፈልፈያው፣ ሚዛኑ አይቆጠሩም። የሚቆጠረው የሚሸጠው ነው።

ምሳሌ ላድርግ። በዘካ ቀንህ መጋዘን ውስጥ ያለው ጀንፈልና የተፈለፈለ ቡና በዕለቱ የጅምላ ዋጋ 3,000,000 ብር ያወጣል እንበል። የገዛህበትን ዋጋ እርሳው፣ የዛሬውን ያዝ። ባንክ 800,000 አለህ። ከሚከፍልህ ሰው ላይ 600,000 ዱቤ አለህ። ለአቅራቢዎች መክፈያው የደረሰ 1,200,000 አለብህ። ቀሪው 3,200,000 ይሆናል። ዘካው 80,000 ብር ነው። አይከፍልም ብለህ ተስፋ የቆረጥክበትን ዱቤ አሁን አትቁጠረው፣ በእጅህ ሲገባ ታየዋለህ። የረጅም ጊዜ ዕዳ ሙሉውን ይቀነሳል ወይስ የዓመቱ ድርሻ ብቻ የሚለው ላይ ዑለሞች ይለያያሉ። የዓመቱን ብቻ መቀነስ ለድሃውም ለህሊናም ይሻላል።

ኒሷቡ፣ ማለትም ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛው የሀብት ልክ፣ 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ብር ማዕድን ነው። በዕለቱ ዋጋ ስታሰላው ያንተ ንግድ ሁለቱንም ያልፋል። ባነሰ ካፒታል የሚሠሩ ጎረቤቶችህ ግን በየትኛው እንደሚለኩ ይጠይቁ፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የዘካ ቀንህን በሂጅራ አቆጣጠር አስረው። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ በየዓመቱ ወደ ኋላ 11 ቀን ያህል ይሸሻል። የግድ በፀሐይ ዓመት ሒሳብ የምትዘጋ ከሆነ 2.577 በመቶ አድርገህ አስላ፣ ልዩነቱን ያካክሳል። አንዳንድ ቡና ነጋዴ የዘካ ቀኑን መጋዘኑ ወደሚራቆትበት ክረምት ለመግፋት ሲያስብ ሰምቻለሁ። ያ ብልጠት አይደለም። ቀኑ የሚታሰረው ሀብትህ ኒሷብ ከሞላበት ጊዜ ነው። ግብር መክፈልህም ዘካን አይተካም፣ የከፈልከው ግብር ግን ከሀብትህ ስለወጣ ሒሳቡ ውስጥ የለም።

የማናው ማሳ ቡና ሌላ ጉዳይ ነው። የእህል ዘካ በዝናብ ለበቀለ አስር በመቶ፣ በመስኖ ለለማ አምስት በመቶ ነው፤ ኒሷቡም ወደ 653 ኪሎ ይጠጋል። ግን ቡና ይገባበታል? በሻፊዒይ መዝሀብ የሚገባው ተከማችቶ የሚቆይ ዋና ምግብ ነው፣ ቡና አይገባም። አቡ ሐኒፋ ዘንድ ምድር ያበቀለችው ይገባል፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው ኒሷብ ጨምረውበታል። ከዘመናችን ዑለሞች ዩሱፍ አል ቀርዳዊ ወደ አቡ ሐኒፋ አስተያየት ያዘነብላሉ። ጅማ ላይ በሚሊዮን ብር ቡና የሚለቅም ሰው ዘካ የለበትም፣ ጥቂት ኩንታል በቆሎ ያለው ግን አለበት ሲባል የሚከነክን ነገር አለ። ይህ የእኔ የሒሳብ ሰው ስሜት ነው፣ ፈትዋ አይደለም። ቡናው ተሸጦ ብሩ እጅህ ላይ ከዋለ ግን ከሌላው ገንዘብህ ጋር በዘካ ቀንህ መቆጠሩ አይቀርም።

አሰጣጡስ? በር ላይ ለመቶ ሰው ድርጎ ማደል የለመድነው ነው። ሰውን ከዚያ ቀን አያሻግርም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ «ስትሰጡ አብቁ» ማለታቸው ይወራል። ሻፊዒዮች ዘንድም ባለሙያ የሙያውን ዕቃ፣ ነጋዴ መነሻ ካፒታል እስኪያገኝ ሊሰጠው ይችላል። 80,000 ብርህን ለአንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና መግዣ፣ ለአንድ የታመመ ሰው፣ ለጀበና ቡና መነሻ ለሁለት ሴቶች ብታደርገው በር ላይ ካደልከው ይልቅ ሰው ታቆማለህ። መስጊድ መሥሪያ ግን አብዛኞቹ ዑለሞች ከዘካ አይፈቅዱም። ተቀባዩ በእጁ መያዝ አለበት ይላሉ። የመስጊዱ ከወቅፉ ወይም ከሰደቃ ይምጣ። ሙስሊም ላልሆነ ችግረኛ ጎረቤትም እንዲሁ። አብዛኞቹ ዑለሞች ዘካን ለሙስሊሙ ይወስኑታል፣ ሰደቃና ወቅፍ ግን ለማንም ይደርሳል።

በሌሎች አገሮች ዘካን የሚሰበስብ ተቋም አለ። ማሌዥያ በየክልሉ፣ ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2001 በተቋቋመው ባዝናስ፣ ሱዳን በሕግ አስገዳጅ በሆነው የዘካ ዲዋን። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው ሕግ ረመዳን ሲገባ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ መቁረጥ ጀመረች። ምን ሆነ? ብዙ ሰው ረመዳን ሳይገባ ብሩን ከባንክ ማውጣት ለመደ። እምነት በአዋጅ አይመጣም። እኛ ዘንድ ማንም አይቆርጥብህም። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚቆመው በናንተ ኮሚቴ መዝገብ ላይ ነው። በየዓመቱ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ መስጊድ ውስጥ ለጥፉት። የተቀባዮችን ስም ግን አትለጥፉ።

ፈንዱ ደግሞ ሦስተኛው ነው። እዚህ ላይ ልጆቹን አበረታታቸው። ግን ቀዝቀዝ ይበሉ።

ጅማ ዙሪያ ብድር የት ያማል? ሐምሌና ነሐሴ። ያለፈው ቡና አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። ገበሬው ልጅ ሲታመምበት ወይም ማዳበሪያ ሲፈልግ ማሳውን በወለድ አገድ ያስይዛል። አበዳሪው ዕዳው እስኪመለስ ቡናውን ይለቅማል። ስሙ መያዣ ነው፤ በሸሪዓ ዓይን ግን ጥቅም የሚጎትት ብድር ስለሆነ ሪባ፣ ማለትም የተከለከለ ወለድ ነው። አንድ ዓመት በ20,000 ብር ሰበብ ማሳው የሰጠውን ሁሉ የሚያጣ ሰው አለ። ልጆቹ የሚያስቡት ባጃጅ ማሳደሻ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ከናንተ መጋዘን ጀምሮ ማናና ጎማ ወረዳ ድረስ ያለውን የገበሬ የክረምት ብድር ቢያስቡበት ፈንዱ እውነተኛ ቁስል ላይ ያርፋል።

የፈንዱ ገንዘብ ከዘካ አይሁን። ዘካ ተቀባዩ የራሱ ያደርገዋል፣ ብድር ደግሞ ይመለሳል። የፈቀዱ የዘመናችን ዑለሞች ቢኖሩም አወዛጋቢ ነው፣ ምን አስገደዳችሁ? ከሰደቃ ወይም ከገንዘብ ወቅፍ ይሁን። ገንዘብን ወቅፍ ማድረግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኦቶማኖች ዘንድ ትልቅ ክርክር ነበር። የግዛቱ ዋና ሙፍቲ ኤቡስሱዑድ ፈቀዱ፣ ሊቁ ቢርጊቪ ተቃወሙ። ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

አርአያ ከፈለጉ የላሆሩን አኹወት ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ለአንዲት ሴት በተሰጠ 10,000 ሩፒ ብድር ተጀመረ። ብድሩን መስጊድ ውስጥ በሰው ፊት ይሰጡ ነበር። ቢሮና መኪና አላበዙም። ዛሬ በዓለም ትላልቅ ከሚባሉት ከወለድ ነፃ አበዳሪዎች አንዱ ነው።

ቁጥሩን ግን አትርሱ። 500,000 ብር ሰብስበው ለ25 ሰው 20,000 ቢያበድሩና በየዙሩ ከአስር አንድ እጅ ሳይመለስ ቢቀር፣ ከአምስት ዙር በኋላ የሚቀራቸው 295,000 ገደማ ነው። ወለድ የለም ማለት ለኪሳራው የሚሞላ ትርፍ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ዋስ የግድ ነው። ውል የግድ ነው፤ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። ዘገየ ብሎ ቅጣት መጨመር አይቻልም። ከእውነተኛ ወጪ በላይ ማስከፈልም አይቻልም። የዓለም አቀፉ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 የፈቀደው ትክክለኛውን የአገልግሎት ወጪ ብቻ ነው። በብድሩ መጠን በመቶኛ የሚታሰብ «የአገልግሎት ክፍያ» ከመጣ ስሙን የቀየረ ወለድ ነው።

ተበዳሪው በእውነት ከወደቀስ? እዚህ ላይ ሦስቱ ካዝናዎች በትክክለኛው በር ይገናኛሉ። ከስምንቱ ተቀባዮች አንዱ ባለዕዳ ነው። የዘካ ኮሚቴው የሰውየውን ችግር አይቶ ከዘካ ሊሰጠው ይችላል። «ለእኛ እንድትመልስ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ግን አይጨመርበት፣ ሰውየው በራሱ ይክፈል። አበዳሪው ራሱ «ዕዳህን ማርኩህ፣ እሱ ዘካዬ ነው» ማለት ደግሞ አብዛኞቹ ዘንድ አይሠራም።

አንድ የሕግ ነገር። ከሕዝብ ተቀማጭ መሰብሰብ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አይቻልም። ልጆቹ «አስቀምጡና ተበደሩ» የሚል ነገር ካሰቡ ከወለድ ነፃ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነው በኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይመዝገቡ። ስጦታ ብቻ ሰብስቦ ማበደር ከሆነም በበጎ አድራጎት ስም ይሁን። ዕቁብ የለመደ ሰው ይህ ሁሉ ለምን ሊል ይችላል። ዕቁብ ተዋውቀን የምንዞርበት ነው። ፈንድ የማያውቁህ ሰዎች ብር ነው።

ሦስቱን ሒሳብ ከወለድ ነፃ ባንክ ክፈቱ። ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ሂጅራና ራሚስ ተጨምረዋል። ሌሎቹ ባንኮችም በየመስኮታቸው ይሠሩታል። ብሩን የሚያወጡ ሁለት ፈራሚዎች ይኑሩ፣ ከአንድ ቤት ያልሆኑ።

ለእህታችሁ ዘካ ስለመስጠት። ይቻላል። ወንድምና እህት እንደ ወላጅና እንደ ልጅ አይደሉም። ችግረኛ ከሆነችና እሷን የመቀለብ ግዴታ በላያችሁ ካልወደቀ ከማንም የቀደመች ናት፤ ሰደቃም ዝምድና ማሰርም ይሆንላችኋል። ልጆቿም እንዲሁ። ግን መጀመሪያ ከሱቆቹ የሚደርሳትን 7 እጅ እጇ ላይ አስገቡ። ያ ከደረሳት በኋላ ኒሷብ የሞላላት ሆና ብታገኙዋት ጥያቄው ራሱ ይቀየራል።